አሮጌ ፒክአፕ መኪና ተሳቢ እንዲጎትት የማዘጋጀት ዘዴ
ለአርባ ምንጭ ዙሪያና ለጋሞ ደጋ አምራቾች የቀረበ ምክር

መግቢያ

በአርባ ምንጭ ዙሪያ ባለው ቆላ፣ በጫኖ፣ በላንቴ፣ በቆላ ሻራና በሼሌ ሙዝ የሚያለማ ገበሬ ትልቁ ጭንቀቱ ምርቱን ማብቀል አይደለም፤ የበቀለውን ሳይቀጠቀጥና ሳይዘገይ ከማሳ ወደ መንገድ ማውጣት ነው። የተቆረጠ የሙዝ ዘለላ ጊዜ አይሰጥም። ወደ አዲስ አበባ የሚጭነው ትልቁ መኪና፣ በተለምዶ «አይሱዙ» የምንለው፣ በአስፋልቱ ዳር ቆሞ ይጠብቃል እንጂ በመስኖ ቦዮች መካከል ወደሚያልፈው ጠባብ የማሳ መንገድ እንደልቡ አይገባም። በማሳውና በአስፋልቱ መካከል ያለው ሥራ በሰው ሸክም፣ በአህያ ጋሪና በአሮጌ ፒክአፕ ይሸፈናል። በደጋውም በኩል ድንችና አፕል ከጨንቻ ሲወርድ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ደግሞ ሲወጣ ችግሩ ተመሳሳይ ነው።

ስለዚህ በየመንደሩ ፒክአፕ ያላቸው ሰዎች «ከኋላው ተሳቢ ብናስርበት በአንድ ጉዞ የሁለት ጉዞ ሥራ አይሠራም ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። መልሳችን «ይሠራል፤ ነገር ግን በልክና በሥርዓት» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ልኩና ሥርዓቱ ምን እንደሆነ፣ የትኛው ሥራ በቤት ግቢ ውስጥ ሊሠራ እንደሚችልና የትኛው ለባለሙያ መተው እንዳለበት ያስረዳል።

አሮጌ መኪና ለምን?

ቶዮታ ሃይሉክስ የተባለው ፒክአፕ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። እርሱና መሰሎቹ በአገራችን ለብዙ ዓመታት ሲያገለግሉ ቆይተዋል፤ መለዋወጫቸው ይገኛል፣ መካኒኩም ያውቃቸዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን በማስገባት ላይ ከፍተኛ ታክስ ከጣለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆና አሻሽሎ መጠቀም ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። የቀድሞዎቹ ፒክአፖች ከታች ጠንካራ ሻንሲ፣ ከኋላ ባሌስትራና ሙሉ አክስል ስላላቸው ለመጎተት ይመቻሉ። ነገር ግን አሮጌ ናቸው። ዝገት፣ የተዳከመ ፍሬንና የደከመ ራዲያተር ባዶውን ሲሄድ ተሸፍኖ ይኖርና ተሳቢ የታሰረበት ቀን ይገለጣል።

ያየነው አደጋ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጨንቻ ሲወርድ የነበረ አንድ ፒክአፕ ያየነውን እናስታውሳለን። የመጎተቻው ኳስ የተበየደው በኋላ መከላከያው ብረት ላይ እንጂ በሻንሲው ላይ አልነበረም። ከአንድ ጠመዝማዛ በላይ ብየዳው ተላቀቀ፤ ድንች የጫነው ተሳቢም ፒክአፑን ቀድሞ ወርዶ መንገድ ዳር ካለው ቦይ ገባ። መጠባበቂያ ሰንሰለት አልነበረውም። የተጎዳ ሰው የለም። ይሁን እንጂ በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር፤ አደጋው አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ያ መንገድ ዳር እንጨትና ቅርጫት በተሸከሙ እናቶች የተሞላ ይሆን ነበር። ባለመኪናው «ብየዳው ሁለት ዓመት ሠርቷል» አለን። እውነቱን ነው፤ ሁለት ዓመት የሠራው ግን በሜዳ ላይ ነው።

በቅድሚያ ክብደቱን ማስላት

በበሬ የሚያርስ ሁሉ ሞፈርና ቀንበር የሚያያዙበት ምራን ከደከመ ጠንካራ በሬም ጥሩ ማረሻም ዋጋ እንደሌለው ያውቃል። የተሳቢው መጎተቻ ዘንግ እንደ ሞፈር፣ ኳሱና ኳሱን የሚጨብጠው ቆብ ደግሞ እንደ ምራን ናቸው። ምን ያህል ኃይል እንደሚያርፍባቸው ለማወቅ በምሳሌ እናስላ።

ባዶው ፒክአፕ 1,500 ኪሎ ግራም፣ ሾፌርና ረዳት 140፣ በካሶኒው ላይ ያለው ጭነት 560 ቢሆን በድምሩ 2,200 ኪሎ ግራም ይሆናል። ተሳቢው ከነጭነቱ 700 ኪሎ ግራም ቢመዝን ጠቅላላው 2,900 ነው። በጠጠር ሜዳ ላይ ይህን ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ኃይል የክብደቱ ከመቶ 2.5 ያህል፣ ማለትም ወደ 73 ኪሎ ነው። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ግን ሌላ 290 ኪሎ ይጨመርበታል። ስለዚህ ዳገቱ ከሜዳው አምስት እጥፍ ኃይል ይጠይቃል ማለት ነው። በሜዳ የተፈተነ መጎተቻ ለጨንቻ መንገድ ተፈትኗል የማይባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመኪናው አምራች የፈቀደውን የመጫንና የመጎተት መጠን ከመመሪያ መጽሐፉና በመኪናው ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ ማንበብ ይገባል። ከዚህ በታች የምንሰጠው ምክር ሁሉ ከዚያ መጠን በታች ለመሥራት እንጂ መጠኑን ለማሳደግ አይደለም።

1. ሻንሲውን መመርመር

መኪናውን በደልዳላ መሬት አቁሞ፣ ጎማውን በድንጋይ ደግፎ፣ ከሥር የተጋገረውን ጭቃ በውሃና በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት። ከኋላ ባሌስትራው ከተያዘበት ቦታ አንሥቶ እስከ ሻንሲው ጫፍ ድረስ በትንሽ መዶሻ መታ መታ ማድረግ። ጤናማ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የዛገው ይታፈናል፣ ወይም ቅርፊቱ ይረግፋል። ስንጥቅ ወይም የተበላ ቦታ ከተገኘ ሥራው እዚያው መቆም አለበት። በዛገ ሻንሲ ላይ የሚታሰር ምንም ዓይነት ጠንካራ መጎተቻ የለም።

2. መጎተቻውን መትከል

መጎተቻው በሁለቱም የሻንሲ ዘንጎች ላይ በብሎን የሚታሰር እንጂ የሚበየድ መሆን የለበትም። የብየዳ ሙቀት የሻንሲውን ብረት በዙሪያው ያዳክመዋል፤ ስንጥቁም ቆይቶ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የሚከተሉትን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሀ) ቀዳዳው የሚበሳው በሻንሲው የጎን ግድግዳ ላይ ነው። የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ የመኪናውን ክብደት የሚሸከሙ ስለሆኑ ፈጽሞ መበሳት የለባቸውም።

ለ) ለእያንዳንዱ ወገን ውፍረቱ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ፣ ቢያንስ ሦስት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን ይደረጋል። በብሎኑ ራስ ላይ «8.8» የሚል ጽሑፍ መኖሩን አይታችሁ ግዙ። ጽሑፍ የሌለው ብሎን ለአጥር እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሐ) ሻንሲው እንደ ሳጥን የተዘጋ ከሆነ ብሎኑ ሲጠብቅ ግድግዳው እንዳይጨፈለቅ በውስጡ ቱቦ ይገባበታል። ሰፊ ሮንዴላና የማይላላ ዳዶ መጠቀም፤ ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላም ሁሉንም እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።

መ) ኳሱና ቆቡ በልካቸው መመሳሰል አለባቸው። የአውሮፓው ልክ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከአሜሪካ የሚመጣው ባለ 2 ኢንች ኳስ 50.8 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ በዓይን አይታይም። ነገር ግን ትልቁ ኳስ በትንሹ ቆብ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይገባም፤ የተቆለፈ መስሎ ይታይና በጉድጓድ ላይ ይዘላል። የሌላው 47.6 ሚሊ ሜትር ኳስ ደግሞ በ50 ቆብ ውስጥ ይንገዋለላል። በኳሱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ፤ ቁጥር ከሌለው በካሊፐር አስለኩ።

ሠ) ሁለት መጠባበቂያ ሰንሰለቶች ከኳሱ ጋር ሳይሆን ከመጎተቻው ላሜራ ጋር ይታሰራሉ። ከዘንጉ ሥር እርስ በርሳቸው መጣመር አለባቸው፤ ቆቡ ቢያመልጥ ዘንጉ መሬት ሳይወጋ በተጣመሩት ሰንሰለቶች ላይ ያርፋል። ሲጠመዘዝ እንዳይወጠሩ፣ ሲሄድ ደግሞ መሬት እንዳይጎተቱ ሆነው ይለኩ።

3. ባሌስትራውና የተረሳው ቫልቭ

ተሳቢው በኳሱ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከራሱ ጠቅላላ ክብደት ከመቶ 10 ያህል መሆን ይገባዋል። ለ700 ኪሎ ግራም ተሳቢ 70 ኪሎ ማለት ነው። ይህን በነጋዴ የእህል ሚዛን መለካት ይቻላል፤ ሚዛኑ ላይ ኳሱ የሚደርስበትን ከፍታ የሚያህል ግንድ አቁሞ የዘንጉን ጫፍ በላዩ ማሳረፍ ነው፤ የግንዱን ክብደት መቀነስ ግን አይረሳ። ክብደቱ ካነሰ ተሳቢው በመንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ ይወናጨፋል፤ ከበዛ የፒክአፑን ጭራ ይጫነዋል። ማስተካከያው ጭነቱን በተሳቢው ላይ ወደፊት ወይም ወደኋላ ማዛወር ነው።

ይህ 70 ኪሎ ከኋላ አክስሉ ውጪ ስለሚያርፍ እንደ ምንቃር ይሠራል። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2.8 ሜትር፣ ከኋላ አክስሉ እስከ ኳሱ 1.2 ሜትር ቢሆን፣ በኋላ አክስሉ ላይ 100 ኪሎ ሲጨምር ከፊተኛው 30 ኪሎ ያነሳል። መሪው የቀለለ መስሎ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም ከካሶኒው ጭነት በዚያው ልክ መቀነስ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰዎች መፍትሔው ባሌስትራ መጨመር ነው ይላሉ። አንድ ንብርብር መጨመር የወረደውን ጭራ ያቃናል፤ የመኪናውን የመሸከም አቅም ግን አያሳድግም። አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ቸርኬውና ፍሬኑ እንደነበሩ ናቸው።

በዚህ ላይ የራሳችንን ስሕተት እንናገራለን። በምንሠራበት አሮጌ ፒክአፕ ላይ ባሌስትራ ጨምረን ደስ ብሎን ነበር፤ ጭራው ቀና፣ ተሳቢው ቀጥ አለ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ፍሬን ሲያዝ የፊት ጎማዎች ብቻ እየያዙ መኪናው እንደሚንሸራተት ተረዳን። ምክንያቱ በኋላ አክስሉ አጠገብ ያለው፣ በዘንግ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ቫልቭ ነበር። ይህ ቫልቭ በብዙዎቹ ፒክአፖች ላይ ይገኛል። ሥራው ካሶኒው ዝቅ ሲል «ጭነት አለ» ብሎ ለኋላ ፍሬን ብዙ ዘይት መልቀቅ፣ ከፍ ሲል ደግሞ መቀነስ ነው። እኛ ባሌስትራ ጨምረን ካሶኒውን ከፍ ስላደረግነው ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ አመነ፤ ጭነት በበዛ ቁጥር የሚያስፈልገንን ፍሬን ቀነሰብን። ስለዚህ ባሌስትራ የጨመረ ሁሉ የዚህን ቫልቭ ዘንግ ለባለሙያ ሰጥቶ እንደገና ማስተካከል አለበት። ዘንጉን ፈትቶ መጣል ወይም በሽቦ ማሰር መፍትሔ አይደለም።

4. ፍሬን

በተሳቢ ሥራ ፍሬን ከሞተር ይቀድማል። የኋላ ከበሮዎችን ፈትቶ ጫማቸውን ማየት፣ የሚያልበውን ሲሊንደር መለወጥ፣ የፍሬን ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ ማደስ ይገባል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት በቁልቁለት ሙቀት ይፈላና መርገጫው ባዶ ሆኖ ይወርዳል።

በአውሮፓ አገሮች ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው በሕግ ይገደዳል። እኛም ፍሬን ለሌለው ተሳቢ በቆላው ሜዳ ከዚህ መጠን እንዳይታለፍ እንመክራለን። በጨንቻ መንገድ ላይ ግን ከ500 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ባይጎተት ይሻላል።

5. ሙቀትና ዳገት

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ያህል ላይ ስትገኝ ጨንቻ ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ትላለች። ወደ ሶዶ ከሚወስደው መንገድ ወደ ግራ ተገንጥሎ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ይህን ሁሉ ከፍታ የሚወጣው በአጭር ርቀት ነው። ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ ከመቶ 1 ያህል ስለሚያጣ፣ ጨንቻ ሲደርስ በባሕር ወለል ከነበረው ጉልበት ሩቡ ያህል ጎድሎበታል። ውሃም ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ በአርባ ምንጭ በ96 ዲግሪ ገደማ፣ በጨንቻ ደግሞ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጉልበት በሚያንስበት ቦታ ውሃው ቀድሞ ይፈላል ማለት ነው። ለዚህም የሚከተሉት ይደረጉ።

ሀ) ራዲያተሩን ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ በውሃ ማጠብ፤ በክንፎቹ መካከል የተሰገሰገው ነፍሳትና የሣር ፍሬ ነፋሱን ይዘጋል።

ለ) ክዳኑን ማየት። ግፊት የሚይዘው ጎማ ከተሰነጠቀ ውሃው ያለ ጊዜው ይፈላል። ክዳን መለወጥ ርካሽ ጥገና ነው። ሞተሩ ግለት ላይ እያለ ግን ፈጽሞ አይከፈት።

ሐ) ቴርሞስታቱን አውጥቶ አለመጣል። «ውሃው በነጻ እንዲዘዋወር» እየተባለ የሚደረገው ይህ ልማድ ሞተሩን በቆላ ጠዋትም ሆነ በደጋ ብርድ ከልኩ በታች እያቀዘቀዘ ያስበላዋል። ከተበላሸ በአዲስ ይለወጥ።

መ) ቺንጋውን መፈተሽ፤ መላላትም መሰንጠቅም የለበትም።

ሠ) ፍሪሲዮኑን መፈተን። በደልዳላ መሬት የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ መልቀቅ። ሞተሩ ከጠፋ ደህና ነው፤ እየዞረ ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ተሳቢም አይጎትትም።

6. ተሳቢው፣ መብራቱና ጎማው

ጋሪን በብረት አክስልና በኩሽኔታ ማሻሻል ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በአሰላ ሥራ የጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ የተሻሻሉ ጋሪዎችን ከእርሻ መሣሪያዎች ጋር ያስተዋውቅ ነበር። ለፒክአፕ የሚሆነው ተሳቢ ግን ከአህያ ጋሪ የተለየ ነው። ለአህያ ፍጥነት የተሠራ አክስል በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ኩሽኔታው ይግላል። የጋሪን ዘንግ አሳጥሮ ከመኪና ጋር ማሰር አደገኛ ስሕተት ነው።

የተሳቢው ጎማዎች ከጭነቱ ጋር የሚመጣጠኑና ያላረጁ ይሁኑ። በጎማው ጎን ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ «2319» ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። በአርባ ምንጭ ፀሐይ ለዓመታት የቆመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ ደርቆ ይሰነጠቃል።

የኋላ መብራት፣ የፍሬን መብራትና ፍሬቻ በተሳቢው ላይም መኖር አለባቸው። ለመሬት የሚሆነው ሽቦ ለብቻው ይዘርጋ፤ በኳሱ በኩል ያልፋል ብሎ መተው መብራቱን አንዴ የሚበራ አንዴ የሚጠፋ ያደርገዋል። ስፖኪዮው ከተሳቢው ጎን አልፎ የሚያሳይ ይሁን።

ሙዝ ሲጫን የተሳቢው ወለልና ጎን በደረቅ የሙዝ ቅጠል ይሸፈን፤ ከባዱ ዘለላ ከአክስሉ በላይና ትንሽ ወደፊት ይቀመጥ። ሰው በተሳቢ ላይ አይሳፈርም። የጉልበት ሠራተኞች ከጭነቱ በላይ ተቀምጠው ሲሄዱ ብዙ ጊዜ እናያለን፤ ይህ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

አነዳድ

በቁልቁለት ላይ ሞተሩ ፍሬኑን ማገዝ አለበት። ከላይ የጠቀስነው 2,900 ኪሎ ግራም ከጨንቻ 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 120 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ሞተሩ ካልተጋራው አብዛኛው ሙቀት ወደ ፍሬኑ ይገባል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሊወጡት በሚችሉት ማርሽ መውረድ፣ ፍሬንንም ያዝ ለቀቅ እያደረጉ መጠቀም ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ነጻ አድርጎ መንከባለል ሕይወትን በጥቂት ሳንቲም መሸጥ ነው።

በጠጠር መንገድ ከ40፣ በአስፋልት ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይታለፍ። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ተሳቢው መወናጨፍ ከጀመረ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅ እንጂ ፍሬን መርገጥ አይገባም።

ወደኋላ ለመሄድ እጅን በመሪው ግርጌ ማድረግ ይጠቅማል። እጁ ወደ ቀኝ ሲሄድ ተሳቢው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ግራ ይሄዳል። ይህን ከገበያ ቀን በፊት በባዶ ሜዳ መለማመድ ያስፈልጋል።

በቤት የሚሠራውና የማይሠራው

ማጽዳት፣ መመርመር፣ ራዲያተር ማጠብ፣ ሽቦ መዘርጋት፣ የተዘጋጀ መጎተቻ በብሎን ማሰርና የኳሱን ክብደት መለካት በቤት ግቢ ሊሠሩ ይችላሉ። መጎተቻውን ራሱን መሥራት፣ የፍሬን ቱቦና ቫልቭ፣ እንዲሁም የተሳቢውን አክስል መበየድ ለሠለጠነ ባለሙያ ይሰጥ። ብረት ከመገዛቱ በፊትም ወደ መንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል፦ ለውጡ የሚፈቀድ መሆኑን፣ ተሳቢው የሚያስፈልገውን ሰሌዳና ምርመራ፣ የመንጃ ፈቃዱ ደረጃ የሚበቃ መሆኑን፣ የሦስተኛ ወገን መድኑም ተሳቢውን የሚሸፍን መሆኑን። ከተሠራ በኋላ መጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ ብረቱን መልሶ ማስፈታት ያስከትላል።

ማጠቃለያ

ዘወትር ጠዋት ከመነሣት በፊት አምስት ነገሮች ይታዩ፦ ቆቡ መቆለፉ፣ ሰንሰለቶቹ መጣመራቸው፣ መብራቶቹ መሥራታቸው፣ የጎማ ነፋስና የቸርኬ ዳዶዎች፣ የራዲያተር ውሃና የፍሬን ዘይት። ከአሥር ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላም ወርዶ የተሳቢውን ቸርኬ መሐል በእጅ ጀርባ መዳሰስ፤ የሚያቃጥል ከሆነ ኩሽኔታው ግራሶ አጥቷል ወይም ከልክ በላይ ጠብቋል።

በእነዚህ ምርመራዎች ያለፈ ፒክአፕ የቆላውን ሙዝ በሰዓቱ አስፋልት ያደርሳል። ያላለፈው ደግሞ ያለ ተሳቢ ሁለት ጊዜ ቢመላለስ ይሻላል። የሁለተኛው ጉዞ ነዳጅ ዋጋው ይታወቃል፤ በጨንቻ ቁልቁለት የተፈታ ተሳቢ የሚያስከፍለውን ግን አስቀድሞ ማንም ሊያሰላው አይችልም።